የግራው ስፖኪዮ

ኮምፒውተር ዝቅተኛ ነህ አለኝ። በደሌ ይኼ ነው። በስልሳ አንድ ዓመቴ፣ እዚሁ ጭሮ፣ በገዛ ሳሎኔ ውስጥ፣ ጨርቅ አንጥፌ በክብር ያስቀመጥኩት ዕቃ፣ ሚስቴ ቆማ እያየች ዝቅተኛ ብሎ ጻፈብኝ።

"ማሽኑን ነው እንጂ አንተን አይደለም" የሚለኝ አንባቢ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። እንዲህ ያሉኝ ሰዎች ሁሉ ከልጅነታቸው ጀምሮ የተማሩ ናቸው። እኔ ፊደል የቆጠርኩት በአርባ አራት ዓመቴ ነው፤ በጎልማሶች ትምህርት፣ ጉልበቴ በማይገባበት የልጆች ዴስክ ላይ ተጣጥፌ። መምህሩ ከመኪናዬ በዕድሜ ያንስ ነበር። መንፈቁ ሲያልቅ ካርድ ሰጠኝ። በጣቴ ፊደሉን አንድ በአንድ እየተከተልኩ አነበብኩት። ዝ፣ ቅ፣ ተ፣ ኛ። በሕይወቴ ያለ ማንም እርዳታ ያነበብኩት የመጀመሪያው ቃል ያ ነው። ሌላው ሰው ንባብ የሚጀምረው በ"በሬ" እና በ"ቤት" ነው፤ እኔ በስድብ ጀመርኩ። ስለዚህ ይህን ቃል ሁለተኛ ጊዜ ሳየው፣ ያውም ከማሽን ሲመጣ፣ "ግድ የለም" ብዬ የማልፍ ሰው አይደለሁም።

ማሽኑ እንዴት ቤቴ ገባ? እሱን ለማወቅ መጀመሪያ ስለ ግመሉ መስማት አለባችሁ።

ልጄ መሠረት አዳማ አንድ ሆስፒታል ውስጥ ላቦራቶሪ ትሠራለች። ሁለት ዓመት ሙሉ አልተነጋገርንም ነበር። እኔ ሠላሳ ዓመት የጭነት መኪና የነዳሁ ሰው ነኝ። የመጨረሻዬ በሆነችው ጉዞ ከጭሮ ወደ ሚኤሶ ቁልቁለቱን ስንወርድ እሷ ጋቢና አጠገቤ ተቀምጣለች። ሚኤሶ ልንገባ ጥቂት ሲቀረን አንድ ግመል ከግራ በኩል መጣ። መሠረት ጮኸች። ፍሬን ያዝኩ። ግመሉ ምንም አልሆነም፤ በሩን ታክኮ፣ እኛን ከላይ ወደ ታች ገላምጦን ሄደ። ከግመሉ በላይ የጎዳኝ የልጄ አፍ ነው።

"አባባ፣ ግራ ዓይንህ አያይም እኮ!" አለችኝ።

"ግመሉ ነው ያላየኝ" አልኳት።

ቤት እንደደረስን ቁልፉን ከጃኬቴ ኪስ አውጥታ ለእናቷ ሰጠቻት። እናቷ አስካለ ቁልፉን የት እንዳደረገችው እስከዛሬ አልነገረችኝም። እኔም በንዴት፣ "እኔ ካልነዳሁት ማንም አይነዳውም!" ብዬ መኪናውን ሸጥኩት። ገዢው እንደሚነዳው የገባኝ አስካለ ቁልፉን አውጥታ ሰጥታው መኪናው ከግቢዬ ሲወጣ ነው።

ከዚያ ወዲህ ልጄና እኔ የምንገናኘው በአስካለ በኩል ሆነ። ልጅቷ ትደውላለች፤ "አባባን ሰላም በይልኝ" ትላለች። አስካለ ወደ እኔ ዞራ "ሰላም ብላሃለች" ትላለች። እኔ ከአስካለ አንድ ክንድ ርቄ ተቀምጬ፣ የልጄን ድምፅ አንድ በአንድ እየሰማሁ፣ "ሰላም በያት" እላለሁ። አስካለ የስልክ እንጨት ሆነች። ሁለት ዓመት ስትቆም አንድ ቀን "እግሬን አመመኝ" አላለችም።

እንግዲህ በግንቦት ወር አንድ ካርቶን ከአዳማ በሚኒባስ ተላከ። ውስጡ የመሠረት የድሮ ኮምፒውተር በድሮ ቀሚሷ ተጠቅልሎ አለ። ከላዩ ደብዳቤ። በስልክ መልእክት መላክ ስትችል በእጇ የጻፈችው አውቃ ነው፤ የተጻፈ ነገር ካገኘሁ ሳላነብ እንደማልተወው ታውቃለች። የመድኃኒት ወረቀት እንኳ እስከ ፋብሪካው አድራሻ ድረስ ነው የማነበው። እንዲህ ይላል፦

"አባባ፣ እዚህ ውስጥ የጭነት መኪና ጌም አለ። እኔ ጋም አለ። በኢንተርኔት ተገናኝተን አብረን መንዳት እንችላለን። አንተ ከፊት፣ እኔ ከኋላ። የሚቀጥሉትን አራት እሑዶች ነፃ ነኝ፤ ከዚያ በኋላ ፈረቃዬ እሑድ ይሆናል። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ እጠብቅሃለሁ።"

አራት ጊዜ አነበብኩት። አስካለ "ምን ትላለች?" ስትለኝ፣ "ጽሑፏ አይነበብም" አልኳት። ከዚያ ጠረጴዛውን ወለወልኩ።

ጌም የልጆች ነው የሚሉ ሰዎች አሉ። እነዚህ ሰዎች ከሰዓት በኋላቸውን እንዴት እንደሚያሳልፉ ጭሮ ውስጥ ሁሉም ያውቃል፤ ስለዚህ መልስ አልሰጣቸውም።

የመጀመሪያው እሑድ ደረሰ። ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ሩብ ሲቀረው ጫማዬን አድርጌ ተቀመጥኩ። ያለ ጫማ አይነዳም። የስልኬን ኢንተርኔት ከማሽኑ ጋር አስካለ አገናኘችው፤ እሷ ከልጇ ስንት ነገር እንደተማረች ያወቅኩት ያን ቀን ነው። የእሷን ስልክ ደግሞ የመሠረት ፊት እንዲታይ በስኳር ዕቃ አስደግፋ አቆመችው። ጌሙ ተከፈተ። ትንሽ አሰበ። ማሽኑን ሲመረምር ቆየና በእንግሊዝኛ ሦስት ፊደል ጻፈ። ሎው።

መዝገበ ቃላቴን አወጣሁ። "ዝቅተኛ፣ ዝቅ ያለ፣ የወረደ" ይላል። ሦስቱንም በአንድ ጊዜ ነው የሰጠኝ። አንዱ ይበቃ ነበር።

"ማነው ዝቅተኛ?" አልኩት ማሽኑን።

ከሥሩ ሌሎች ደረጃዎች ተደርድረዋል፤ መካከለኛ፣ ከፍተኛ፣ በመጨረሻም አልትራ የሚባል አለ። አልትራን መዝገበ ቃላቱ ላይ ፈለግኩ። "ከልክ ያለፈ" ይላል። ይኼ የእኔ ነው! አልኩ። ጥላውን ከልክ ያለፈ አደረግኩት። ሣሩን ከልክ ያለፈ። ደመናውን፣ የውሃውን ነጸብራቅ፣ በመንገድ ዳር የሚሄደውን ሰው፣ ሁሉንም አንድ ሳላስቀር ከልክ ያለፈ አደረግኩ። ልቤ ቀለል አለኝ። ካርዴን ይዤ ወደዚያ መምህር ብሄድ ደስ ባለኝ።

ከዚያ ሥዕሉ መጣ። እውነቱን ልናገር፣ እንደዚያ ያለ ሣር በሕይወቴ አይቼ አላውቅም። እያንዳንዱ ቅጠል ለብቻው ይወዛወዛል። መንገዱ ላይ ውሃ ተኝቷል፤ በውሃው ውስጥ ሰማይ አለ፤ በሰማዩ ውስጥ ወፍ አለች። አገሩ የፈረንጅ አገር ነው። ፍየል የለ፣ ባጃጅ የለ፣ መሃል መንገድ ላይ ቆሞ ዘመድ የሚስም ሰው የለ። በእንዲህ ያለ መንገድ ላይ ሰው ለምን መንጃ ፈቃድ እንደሚጠየቅ አይገባኝም። አንድ ጉድለት ብቻ ነበር። መኪናው አይሄድም።

ማለቴ፣ ይሄዳል፤ ግን እንደ ፎቶግራፍ ነው የሚሄደው። አንድ ፎቶ ይመጣል። ይቆማል። ሌላ ፎቶ ይመጣል። መሪ የሚባል ነገር የለውም፤ በአራት ቀስት ነው የሚነዳው። ኩርባ መጣ፣ የቀኙን ቀስት ተጫንኩ፤ መኪናው የሰማኝ ኩርባው ካለፈ በኋላ ነው። እግሬ ፍሪሲዮን እየፈለገ ወለሉን ይረግጣል። አስካለ "ኧረ ምንጣፉን!" ትላለች። ማሽኑ እንደ ወፍጮ ይጮኻል። በመጨረሻ መኪናዬ ያን የመሰለ ሣር ውስጥ ገብታ በጎኗ ተኛች። ወዲያው ከኋላዬ "ጓ!" የሚል ድምፅ ሰማሁ። ልጄ ናት። ተሳቢዬ መንገድ ላይ ቀርቶ ኖሮ መጥታ ገባችበት።

"ርቀትሽን ጠብቂ!" አልኳት።

ከሁለት ዓመት በኋላ ለልጄ የተናገርኩት የመጀመሪያ ቃል ይኼ ነው።

ስልኩ ውስጥ ፊቷ ቀጥ አለ። ከዚያ ሳቀች። "አባባ፣ ሴቲንጉን አልትራ አደረግከው እንዴ? ዝቅ አድርገው!"

"ዝቅ አላደርግም።"

"ማሽኑ አይችልም እኮ።"

"ይቻል።"

ማሽኑ ይህን እንደሰማ ሁሉ ዝም አለ፤ ጠፋ። እጄን ባስጠጋው ይፋጃል። የመጀመሪያው እሑድ እንዲህ ሄደ። ሦስት ቀረን።

ማክሰኞ ዕለት ከሰዓት ዑመር መጣ። ዑመር የድሮ ጓደኛዬ ነው፤ ሠላሳ ዓመት ገለምሶ ላይ ጫት ሲያስርና ሲጠቀልል የኖረ። ማለዳ የተቆረጠ ጫት በዚያ ሁሉ ፀሐይ ተጉዞ ጅቡቲ ሲደርስ አሁን የተቆረጠ የሚመስለው በእሱ ዓይነቱ ሰው ነው። ስለ ሙያው ክፉ አልናገርም። ክፉው ሙያውን የትም የሚወስደው መሆኑ ነው። ማሽኑን አብርቼ ትንሽ እንደነዳሁ መዳፉን ላዩ ላይ አሳረፈ።

"ያ ረቢ! ይኼ ነገር መሃሉ ነዷል" አለ።

"ታውቃለህ እንዴ ስለ ኮምፒውተር?"

"አቦ፣ ምን ኮምፒውተር ይፈልጋል? ጫት ሲታፈን እንዲሁ ነው። ከላይ ደህና ይመስልሃል፣ ከውስጥ ይነድልሃል። እርጥብ የሙዝ ቅጠል አልብሰው። ከላዩ እርጥብ ጆንያ። አልፎ አልፎ ውሃ ትረጫለህ። ወላሂ ጅቡቲ ድረስ ይሄድልሃል!"

"የትም አይሄድም እኮ ዑመር። ጠረጴዛ ላይ ነው።"

"እንግዲያማ የበለጠ ይቆያላ!"

አሁን ስጽፈው ሞኝነቱ ይታየኛል። ያን ጊዜ ግን፣ አስቡት፣ ሁለታችንም ዕድሜያችንን የጨረስነው ጭነት እንዳይበላሽ በመጠበቅ ነው። የሞቀ ነገር ሲያዩ የሙዝ ቅጠል መፈለግ እጃችን ላይ ያለ ነገር ነው። ኤሌክትሪክና ውሃ እንደማይዋደዱ አውቃለሁ፤ ግን ዑመር ውሃው ከቅጠሉ በታች እንደማይወርድ በወላሂ አረጋገጠልኝ። ሠላሳ ዓመት ያሰረው ጫት ሥር ጠብታ አይገኝም ነበር። እውነት ነው። ጫት ግን ኋላው ላይ የንፋስ ቀዳዳ የለውም።

ሁለተኛው እሑድ ደረሰ። ዑመር ከማለዳው መጥቶ ስክሪኑንና ቁልፎቹን ብቻ አስቀርቶ ማሽኑን ጠቀለለው፤ በልጥ አስሮ፣ ጫፉን እጥፍ አድርጎ፣ ሲጨርስ በመዳፉ ሁለት ጊዜ መታ መታ አደረገው። እውነትም ለመላክ የተዘጋጀ ይመስል ነበር። ሳሎኑ የጫት መኪና ሸተተ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ መሠረት በስልኩ ብቅ አለች። ዓይኗን አጠበበች።

"አባባ፣ ኮምፒውተሩ የታለ?"

"ይኸውልሽ።"

"ያ አረንጓዴው ምንድን ነው?"

"ማቀዝቀዣ ነው።"

"እማዬ፣ ምን እያደረጉ ነው?"

"እኔ የለሁበትም" አለች አስካለ።

ዑመር ስልኩ ላይ አጎንብሶ፣ "አይዞሽ ልጄ፣ አስሬዋለሁ!" አላት።

ለአሥር ደቂቃ ያህል ሄድን። ይህን ማንም አይክደኝም። አሥር ደቂቃ! ፎቶዎቹ ቶሎ ቶሎ መጡ፤ አንድ ኩርባ ደህና አድርጌ ታጠፍኩ፤ ልጄ ከኋላዬ "ጎበዝ አባባ!" አለች። እኔም በደስታ፣ ልክ ነህ ዑመር ብዬ፣ ትንሽ ውሃ ጨምርበት አልኩት። ጨመረ። ከማሽኑ ውስጥ "ጭስስ" የሚል ነገር ተሰማ። ስክሪኑ ጨለመ። ከቅጠሉ መሃል ቀጭን ጭስ ወጣ። አስካለ ከጓዳ "ጎመን ማን ጣደ?" አለች።

ዑመር ጫማውን ፈለገ። "ቅጠሉ የዛሬ አልነበረም መሰለኝ" ብሎኝ ሄደ።

ሰኞ ጠዋት ማሽኑን አቅፌ ወደ ፈቲያ ሄድኩ። ፈቲያ መናኸሪያው አጠገብ ስልክና ኮምፒውተር ትጠግናለች። አፏን የፈታችው በኦሮምኛ ነው፤ አማርኛዋ ውስጥ እርስዎ የሚባል ነገር የለም፤ ዳኛም ቢመጣ ሌባም ቢመጣ አንተ ነው። እኔ ይኼን እወድላታለሁ። ክዳኑን ፈታችና ቆም አለች። በጉጠት አንድ ነገር መዝዛ ወደ ብርሃን አነሳችው።

"አባ፣ ይኼ ምንድን ነው?"

"ቅጠል ነው።"

"ቅጠል መሆኑንማ አያለሁ። ኮምፒውተር ውስጥ ምን ይሠራል?"

"ያቀዘቅዛል።"

ፈቲያ ወደ በሩ ዞራ "ኮቱ፣ ኢላሊ!" ብላ ጎረቤቷን ልብስ ሰፊ ጠራችው። እሱም ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ መጥቶ አየ። ከእሱ በኋላ ጫማ የሚጠርገው ሽማግሌ መጣ። ከእሱ በኋላ ማን እንዳልመጣ መናገር ይቀላል። ለእያንዳንዱ "አባ ኮምፒውተሩን ጠቅልሎ ጅቡቲ ሊልከው ነበር" ትላለች። እኔ ጥግ ላይ ቁጭ ብዬ የስልክ ካርድ ጀርባ አነባለሁ።

ሰዉ ሲሄድ ፊቷ ተለወጠ። "አልሞተም" አለች። "ግን መድረቅ አለበት። አቧራውንም ልጥረግለት። ንፋስ መሳቢያው በአቧራ ታፍኗል፤ ያቃጠለብህ እሱ ነው። ሁለት ሳምንት ስጠኝ።"

"ሁለት ሳምንት? እሑድ ይደርሳል?"

"የሚቀጥለው እሑድ አይሆንም። ያኛው እሑድ ይሁን።"

ጣቴን አጥፌ ቆጠርኩ። ያኛው እሑድ የመጨረሻው ነው።

ሦስተኛውን እሑድ አልወደውም፤ ባልጽፈው ደስ ይለኝ ነበር። ጠረጴዛው ባዶ ነው። ዘጠኝ ሰዓት ላይ የአስካለ ስልክ ጮኸ። አስካለ አንስታ ወደ እኔ ዘረጋችው። እኔ ምን እንደነካኝ አላውቅም፤ በሙዝ ቅጠሉ አፍሬ ይሁን፣ ሁለት ዓመት የለመድኩት ይዞኝ ይሁን፣ እጄን አጣጥፌ፣ "ማሽኑ ታሟል በያት" አልኩ።

"ራስህ አትነግራትም? ይኸው እኮ ናት።"

"በያት።"

አስካለ አለቻት። ከዚያ መሠረት፣ እኔ እንደምሰማ እያወቀች፣ "እማዬ፣ እንደ ድሮው ልንሆን ነው?" አለች።

አስካለ እኔን አየችኝ። እኔ በመስኮት ወደ ውጭ አየሁ። በቀኝ ዓይኔ።

አራተኛው እሑድ ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ባጃጅ በራችን ቆመ። ፈቲያ ማሽኑን ጭኗ ላይ አድርጋ መጣች። እንድትመጣ የለመንኳት እኔ ነኝ፤ ተበላሽቶ ቢገኝ እዚያው ደጃፌ ላይ የምሰድበው ሰው ፈልጌ ነው ብያታለሁ። ገጠመችው፤ በራ። ድምፁ ራሱ ተለውጧል። አስካለ ስልኩን በስኳር ዕቃ አስደገፈች። መሠረት ታየች፤ ሰላም ስትለኝ ድምፅዋ ቀዝቀዝ ያለ ነው። ጌሙን ከፈትኩ። ያው የስድብ ቃል መጣ፤ ሎው። እጄ ወደ አልትራ ሄደ። ፈቲያ እጄን በእርሳስ መታችው።

"አባ፣ ስንት ኩንታል ነበር መኪናህ የሚጭነው?"

"ሃምሳ።"

"መቶ ብትጭንበትስ?"

"እብድ ነው መቶ የሚጭን! ዳገት አይወጣም፣ ቁልቁለት አይቆምም።"

"እና ይኼስ? ማሽኑ አርባ የሚሸከም ነው። አንተ ሣር ጫንክበት፣ ደመና ጫንክበት፣ ወፍ ጫንክበት። ከዚያ አይሄድም ትላለህ። ማነው ጥፋተኛው?"

ሠላሳ ዓመት ከልክ በላይ የጫነ ሾፌር ሳይ ስሳደብ የኖርኩ ሰው ነኝ። ይህች ሴት እንደ ትራፊክ በእርሳስ ጫፍ መንገድ ዳር አስይዛ አቆመችኝ። "ይሁን፣ እናራግፍ" አልኩ።

ማራገፍ ጀመርን። ደመናውን አወረድነው፤ ሾፌር ደመና አይቶ አያውቅም። የውሃውን ነጸብራቅ ጣልን፤ ወፏም አብራ ሄደች። ሣሩ ላይ ትንሽ ተከራከርኩ።

"በጣም ያማረ ነበር እኮ።"

"ትግጠዋለህ እንዴ?" አለች ፈቲያ።

ሣሩ ሄደ። ጥላው ሲነሳ ዛፎቹ ጎመን መሰሉ፤ ግን፣ እንዳልዋሽ፣ መንገዱ ይበልጥ ታየኝ። ለካ ጥላውን ጉድጓድ እየመሰለኝ ስሸሸው ነበር። መኪናዋ ተንቀሳቀሰች። መሠረት ከኋላዬ ሆነች። ቀጥታው ላይ እንደ ቅቤ ሄድን፤ ኩርባው ላይ ስንደርስ ግን አሁንም ተንተባተበ።

"ስፖኪዮ ነው" አለች ፈቲያ። "ከኋላህ ያለውን መንገድ በቀኝ አንድ ጊዜ፣ በግራ አንድ ጊዜ እንደገና ይሥለዋል። ሦስት መንገድ እያስሣልከው ነው። አጥፋቸው።"

መኪናውን ዳር አስያዝኩና ተነሳሁ። "ስፖኪዮ የሌለው መኪና እኔ አልነዳም! ለረዳቴ እንኳ እንዲህ ያለ ነገር አልሰጥም!"

"እሺ፣ እሺ። አንዱን ብቻ። አንዱን ብታጠፋ ይበቃል። የትኛው ይጥፋ?"

"የግራው" አልኩ። ለማሰብ አልቆምኩም።

"አባባ፣" አለች መሠረት ከስልኩ፣ "በግራ እኮ ነው የሚቀድሙህ። ቀኙን አጥፋ።"

"ቀኙንማ እፈልገዋለሁ።"

"ከግራው ይበልጣል እንዴ?"

"የግራው ምን ያደርግልኛል? አላየው!"

ቃሉ ወጣ። በንዴት የወጣ ቃል ነው፤ ልመልሰው ብል በየት በኩል። ፈቲያ እርሳሷን ጆሮዋ ላይ ሰካች። አስካለ በሁለት እጇ የያዘችውን ሳህን ቀስ አድርጋ አስቀመጠች። ማሽኑ ብቻ ያጉረመርማል።

"ከመቼ ጀምሮ ነው?" አለች መሠረት። የላቦራቶሪ ድምፅዋ ነው፤ ቀስ ያለ።

"ከግመሉ በፊት።"

"ስንት ጊዜ በፊት?"

"እኔ እንጃ። ስድስት ወር። መጀመሪያ ጉም መሰለኝ።"

አሁን "ብዬህ ነበር" ትላለች ብዬ ጠበቅኩ። ብትለው ደስታዬ፤ መልሱን ሁለት ዓመት አዘጋጅቼዋለሁ። አላለችም። አፍንጫዋን ጠረገች መሰለኝ፤ ሥዕሉ ትንሽ ነው፣ በደንብ አይታይም። ከዚያ፣

"በቃ የግራውን አጥፊው ፈቲያ" አለች። "አባባ፣ ግራህን እኔ አይልሃለሁ። ከኋላህ ነኝ።"

ፈቲያ አጠፋችው። በስክሪኑ ላይ በግራ በኩል የነበረው ትንሽዬ መስኮት ሄደ። ምንም አልጎደለኝም። ሄድን።

አቤት እንዴት እንደሄድን! ደመና የለ፣ ሣር የለ፣ ዛፉ ሁሉ ጎመን፣ ከብቱ ሁሉ ካርቶን። መንገዱ ግን መንገድ ነው። ኩርባው ሲመጣ ቀስቱን ጫን፣ መኪናዋ እሺ። ፍሬቻ አበራለሁ፣ ማርሽ እቀንሳለሁ፣ እግሬ ምንጣፉ ላይ ሥራውን ይሠራል፤ አስካለም ስለ ምንጣፉ ዝም ብላለች። ቁልቁለት መጣ። ላብ ፊቴ ላይ ወረደ።

"አባባ፣ ግራ! ነጭ መኪና እየቀደመህ ነው!"

"አየሁት።"

"አላየኸውም።"

ነጩ መኪና ከየት መጣ ሳይባል አፍንጫዬ ፊት ገባ። ፍሬን ያዝኩ። ልጄም ከኋላ ያዘች፤ ርቀቷን ጠብቃ።

"አላየሁትም" አልኩ።

"አውቃለሁ። አሁን ባዶ ነው፣ ሂድ።"

"አሁንስ?"

"ባዶ ነው አባባ። ሂድ፣ ሂድ።"

እንዲህ እየተባባልን አንድ ሙሉ ጉዞ ጨረስን። ጭነቱን አራገፍን፤ ጭነቱ ምን እንደነበር እስከዛሬ አላውቅም፤ የተጻፈው በእንግሊዝኛ ነው፣ ያን ቀን መዝገበ ቃላት ለማውጣት ጊዜ አልነበረኝም። ምንም ጉዳት እንዳልደረሰበት ግን ጌሙ ራሱ መሰከረ። ፈቲያ አጨበጨበችና ባጃጅ ልትይዝ ወጣች።

"ከሚቀጥለው ሳምንት ጀምሮ እሑድ ፈረቃ ነኝ" አለች መሠረት።

"አውቃለሁ። ጽፈሻል።"

"ስለዚህ አንተ ትመጣለህ። ማክሰኞ። ዓይን ሐኪም ተራ እይዝልሃለሁ። ጉም የሚመስልህ ነገር ሊነሳ የሚችል ነው፤ ማየት አለባቸው።"

"ካልተነሳስ?"

"ካልተነሳ እኔ አለሁ አላልኩህም?"

"በምን ልምጣ?"

"በሚኒባስ ነዋ።"

"ሾፌሩ ማነው?"

"አባባ!"

"እሺ። ዝም እላለሁ" አልኳት። አስካለ ከጀርባዬ "ሚኤሶ እስኪደርስ ነው" አለች፤ እኔ ግን ቃሌን የሰጠሁት ለልጄ ነው፣ በቀጥታ፣ በራሴ አፍ።

የግመሉ ክስ፣ የዓይኔ ክርክርና የሎው ነገር ሦስቱም አንድ ላይ የተዘጉት በዚሁ ነው። እሑድ፣ ሰኔ 9 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት ተኩል ላይ።